የሸሚዙ ምልክትና የሰፊዋ ደመወዝ

ልብስ ከምግብና ከመጠለያ ጋር ከሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ስለ ልብስ ጥራት፣ ስለ ዋጋውና ስለ ውበቱ ብዙ ይባላል። ልብሱን ስለ ሰፋው እጅና ጨርቁ ስለ ተነከረበት ውሃ ግን የሚባለው ጥቂት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህንኑ ጥቂት ነገር ታላላቆቹ የዓለም የልብስ ኩባንያዎች ራሳቸው መናገር ጀምረዋል። «በኃላፊነት የተመረተ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ»፣ «የሠራተኛው መብት ተጠብቆ የተሰፋ» የሚሉ ቃላት በሸሚዙ አንገት ላይ በተንጠለጠለች ቁራጭ ካርቶን ታትመው ይነበባሉ። ኩባንያው ስለ ራሱ የሚሰጠው ይህ ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል? ምስክር መሆን የሚገባውስ ማን ነበር? በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ይህንን ነው።

ነገሩ የሀብታም አገር ሸማች የኅሊና ጭንቀት እንጂ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አንድ ቀን ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ይመልከት። በመንገደኞች በር በኩል ከዱባይ፣ ከኢስታንቡልና ከጓንግዡ የመጣ በላስቲክ የተጠቀለለ ሻንጣ ይወጣል። በብዙዎቹ ሻንጣዎች ውስጥ ያለው ልብስ ነው፤ መድረሻውም የቦሌና የመገናኛ ሱቆች ናቸው። በጭነቱ በር በኩል ደግሞ በከተማችን የተሰፋ ልብስ በካርቶን ታሽጎ ወደ ውጭ የሚበርበት ጊዜ አለ። የገባውን ልብስ የለበሰው ሰው ማን እንደ ሰፋው አያውቅም፤ የወጣውን የሰፋችው ልጅም ማን እንደሚለብሰው አታውቅም። በመካከል ሆኖ ትርፉን የሚቆጥረው ግን ሁለቱንም በሚገባ ያውቃቸዋል።

ከማረፊያው በስተ ምሥራቅ፣ ጎሮን አልፎ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ መንግሥት ካስገነባቸው ፓርኮች ቀዳሚው ነው። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር የሕንድ፣ የኮሪያ፣ የታይዋንና የቻይና ባለሀብቶች በሼዶቹ ውስጥ መኪናቸውን ተከሉ። ለሁለተኛው ምዕራፍና ለቂሊንጦ ፓርክ ደግሞ ከዓለም ባንክ ብድር ተገኘ። በስፌት መኪናዎቹ ላይ የተቀመጡት በአብዛኛው ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መታወቅ አለበት። ስሙ በሸሚዙ ላይ የሚጻፈው ኩባንያ ብዙውን ጊዜ አንዲት የስፌት መኪና እንኳ የለውም። ያዝዛል፣ ዋጋ ይቆርጣል፣ የማስረከቢያ ቀን ይወስናል። የሚሰፋው ሌላ ነው፤ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚከፍለውም፣ በሕግ የሚጠየቀውም ያው ሌላው ነው። ብራንድ የሚባለው በመሠረቱ ኃላፊነትን ከትርፍ ለይቶ ለሌላ ያስረከበ የንግድ ድርጅት ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ አሠራር ውጤት እንዴት እስከ ሰፊዋ ወንበር እንደሚደርስ ለማየት የአንድን ትእዛዝ ጉዞ መከተል ይበቃል። ጨርቁ፣ ክሩና ቁልፉ በአብዛኛው ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያም በከባድ መኪና ወይም በባቡር ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። የተሰፋው ልብስ በዚያው መንገድ ተመልሶ መርከብ መጫን አለበት። ጨርቁ ወደብ ላይ ዘገየ እንበል፤ ወይም መብራት ጠፋ። በውሉ የተጻፈው ቀን ግን ቆሞ አይጠብቅም። ፋብሪካው ያለው ምርጫ ቅጣት መክፈል ወይም ልብሱን ከቦሌ በአውሮፕላን መላክ ነው፤ የበረራውን ኪራይም ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ራሱ ነው። ከዚያ ትእዛዝ የሚጠብቀው ትርፍ በአንድ ጭነት ሊበላ ይችላል። ታዲያ የጠፋው ጊዜና የጠፋው ገንዘብ ከየት ይካካሳል? በሰዓት የሚጠበቀው ቁጥር ይጨምራል፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ በልመና ሳይሆን በትእዛዝ ይመጣል፣ የውሃ መጠጫና የመጸዳጃ ደቂቃ ይቆጠራል። በብራንዱ የሥነ ምግባር ደንብ «የትርፍ ሰዓት ሥራ በፈቃደኝነት ብቻ ነው» ተብሎ የተጻፈውን የሚሽረው የዚያው ብራንድ የማስረከቢያ ቀን ነው።

የአካባቢ ጥበቃውም ነገር ከዚህ አይለይም። በአውሮፕላን የተላከ አንድ ቶን ጭነት በመርከብ ከተላከው በአሥሮች እጥፍ የሚበልጥ በካይ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። በሸሚዙ ካርቶን ላይ «ያለ ኬሚካል ከበቀለ ጥጥ የተሠራ» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። ሸሚዙ ዘግይቶ በቦሌ ሰማይ መብረሩ ግን አይጻፍም።

እኛም ለትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሸሚዝ አጋጥሞን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ሸሚዙን ገዝተን ለክፍል ጓደኞቻችን አሳየን። አንዲት ከባንግላዴሽ የመጣች ተማሪ ዋጋውን አይታ፣ «የሰፋችው ልጅ ስንት ታገኛለች?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። የአገራችንን ስም በማየት ብቻ የኮራን እኛ፣ ያገሯን ሠራተኞች ደመወዝ በቃሏ በምታውቅ ልጅ ፊት ማፈራችንን አንደብቅም።

መልሱ ኋላ በታተመ ጥናት ላይ ተገኘ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጀማሪ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ጥናት ንጽጽር የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207፣ የቻይና 326 ዶላር ነበር። የኢትዮጵያው ከዓለም ልብስ ላኪ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዘገበ። ይህ የሆነው ኤች ኤንድ ኤም የተባለው የስዊድን ኩባንያ በኅዳር 2006 ዓ.ም. በአቅራቢዎቹ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 850 ሺህ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ እንዲያገኙ አደርጋለሁ ብሎ ለዓለም ካስታወቀ በኋላ መሆኑ ሊታወስ ይገባል። ኩባንያው በዚያው ዘመን ከኢትዮጵያ ልብስ መግዛት ጀምሮ ነበር።

ገበያ ነው፣ ማንም አልተገደደም የሚሉ አሉ። ገበያ የሚባለው ነገር ግን ከሰማይ አይወርድም። አገራችን ባለሀብት ስትጋብዝ «ርካሽ የሰው ኃይል» ብላ በገዛ በራሪ ጽሑፎቿ ማስታወቋ የተረሳ አይደለም። ይህ ስሕተት ነበር፤ ለራስ ርካሽ ብሎ ያስተዋወቀን ገዢ ውድ ነህ አይለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተደነገገ። አዋጁ ከወጣ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላም የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ያንኑ የወለል ቁጥር ይጠይቅ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ሆነ። በዚህ መካከል ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በብር የሚከፈል ደመወዝ ባለበት ቢቆም ለዶላር ገዢው በግማሽ ያህል ረከሰ ማለት ነው። ሰፊዋ ግን የምትገዛው ዘይት በብር ነው፤ እሱም አልረከሰም።

ብራንዶቹ ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ «መርማሪ ልከን አረጋግጠናል» የሚል ነው። ምርመራው ምን እንደሚያረጋግጥ ለማወቅ የፓኪስታንን ነገር ማስታወስ ያሻል። በካራቺ የነበረው የአሊ ኢንተርፕራይዝስ ልብስ ፋብሪካ ዓለም አቀፍ የሥራ ደኅንነት ምስክር ወረቀት የተቀበለው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ እኛ እንቁጣጣሽን ባከበርንበት በመስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ፋብሪካው በእሳት ተያያዘ። ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። መውጫዎች ተዘግተው ነበር፤ መስኮቶቹም በብረት ፍርግርግ ታጥረው ነበር። ዋናው ገዢ ኪክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል ያገራችን ሰው፤ ያ ወረቀትም አላስጣለም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን በባንግላዴሽ የራና ፕላዛ ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ሕንፃው መሰንጠቁን ሠራተኞቹ በዋዜማው አይተው ነበር። አንገባም ያሉት ደመወዛችሁ ይቆረጣል ተብለው ገቡ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የነበሩ ፋብሪካዎችም ከአደጋው በፊት በውጭ መርማሪዎች ታይተው ነበር። መርማሪው ያላየውን ስንጥቅ ሠራተኛዋ አይታለች። እሷን የጠየቀና የሰማ ግን አልነበረም።

ስለ አካባቢ የሚሰጠው ምስክርነትስ? ታላላቆቹ ብራንዶች ራሳቸው ያቋቋሙት ጥምረት ያወጣው ሂግ የተባለ መለኪያ ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የኖርዌይ የሸማቾች ባለሥልጣን ኖሮና የተባለው የልብስ ኩባንያ በዚህ መለኪያ ተመርኩዞ ያወጣው ማስታወቂያ ሸማቹን የሚያሳስት ነው ሲል ወሰነ፤ ኤች ኤንድ ኤምንም አስጠነቀቀ። ተፈታኙ ፈተናውን ራሱ አውጥቶ ራሱ ቢያርም ውጤቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ከላይ ያልነው ሁሉ ብራንዱ አቅም የለውም ለማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በኦሞ ሸለቆ የአርብቶ አደሮች መሬት ለጥጥ እርሻ ተወስዷል የሚል ክስ በስዊድን ቴሌቪዥን ሲሰማ፣ ኤች ኤንድ ኤም ከዚያ አካባቢ የመጣ ጥጥ አልቀበልም አለ፤ አቅራቢዎቹም ይህንኑ እንዲያከብሩ አዘዘ። ክሱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ውሳኔውም ለኦሞ ሕዝብ ይጥቀም ይጉዳ እዚህ አንከራከርም። ልናሳይ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ስቶክሆልም ተቀምጦ፣ በፈታዩና በሸማኔው ፋብሪካ አልፎ፣ ጥጡ እስከ በቀለበት ሸለቆ ድረስ የሚደርስ ትእዛዝ መስጠት የቻለ ኩባንያ፣ «ከዚህ ደመወዝ በታች የተሰፋ ሸሚዝ አልቀበልም» ማለት ይሳነዋል? ለጥጡ የደረሰ እጅ ለሰፊዋ ሲሆን ያጠረው ስለምንድን ነው? የሥራ ዋጋ ከሸሚዙ የችርቻሮ ዋጋ ውስጥ ከመቶ ሦስት እንኳ እምብዛም እንደማይደርስ ለልብስ ሠራተኞች መብት የሚታገሉ ማኅበራት ያሰላሉ። ደመወዙ እጥፍ ቢሆን ሸማቹ የሚጨምረው ሳንቲም ነው።

በሌላ በኩል የተሠራውን በጎ ነገር መካድ ተገቢ አይሆንም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የማይለቅ ተቋም አለው። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ ቪ ኤች ፓርኩ እንዲህ ሆኖ እንዲሠራ ከገፋፉት አንዱ ነበር። በአቃቂ ወንዝ ዳር ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ቀለሙ የሚለዋወጥ ወንዝ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ያ ውሃ አባ ሳሙኤል ገብቶ ወደ አዋሽ እንደሚወርድም እናውቃለን። ነገር ግን የሐዋሳውን ፓርክ ማን ከፈለበት? አገሪቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በዓለም ገበያ ከሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የተገኘ ገንዘብ ነው። የንጹሑ ውሃ ስም ለብራንዱ ሆነ፤ ዕዳው ለኢትዮጵያ ሕዝብ።

ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣለሁ ስትል ፒ ቪ ኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እገዳው በታኅሣሥ 23 ቀን ጸና። በቦሌ ለሚም ትእዛዝ ቀነሰ፣ መስመሮች ቆሙ። የጦርነቱን ክስና መልስ ፖለቲከኞች ይነጋገሩበት። በውሳኔው ውስጥ ድምፅ ያልነበራት፣ ዋጋውን ግን በቅድሚያ የከፈለችው ሰፊዋ ናት። ቦንዱም ከብራንዱ ጋር አልሄደም፤ አገሪቱ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳትከፍል ቀረች። እንግዲህ የአንድን ብራንድ ሥነ ምግባር የምንለካ ከሆነ ሲመጣ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ሲሄድ የተወውን እንለካ። ለስንት ወር አስቀድሞ አስታወቀ? የሠራተኛው ስንብት ክፍያ ተከፈለ? የተሰፋውን ልብስ ተረክቦ ነው የሄደው?

ሂስ ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ግለ ሂስ ሊከተለው ይገባል። በእጅ የተሸመነው ያገራችን ጥበብ ከባዕድ ብራንድ ነፃ ነውና ንጹሕ ነው ማለት አንችልም። ከጋሞ በልጅነታቸው መጥተው በአዲስ አበባ ሸማ ቤቶች ያለ ደመወዝና ያለ ትምህርት የሚሸምኑ ሕፃናት ጉዳይ ለዓመታት የቆየ ነው። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና በሕፃናት ጉልበት ከሚመረቱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ለበዓል የሚለበሰውን ቀሚስ ስንገዛ ማን እንደ ሸመነው ጠይቀን እናውቃለን? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ጠይቆ አያውቅም።

ሌላው ግለ ሂስ ይበልጥ ይቀርበናል። በአንድ እሑድ ከጎሮ ወደ ውስጥ ገብተን፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ አብረው የሚኖሩ አራት የስፌት ሠራተኞችን አነጋግረን ነበር። ሒሳባቸውን በአንድ የተማሪ ደብተር ይጽፋሉ። ኪራይ፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ለቤተሰብ የሚላክ፣ ከግርጌም ብድር። ስለ ፋብሪካው ስንጠይቃቸው በጥንቃቄ መለሱልን። ስለ ቤት ኪራይ ስንጠይቃቸው ግን አራቱም ባንድነት ተናገሩ። በፓርኩ ደመወዝ ተጨመረ የተባለ እንደሆነ፣ ወሬው ከአጥሩ ሳይወጣ ኪራይ ይጨምራል። አከራዮቹ እነማን ናቸው? ባዕዳን አይደሉም፤ በእድር አብረን የምንቀመጥ፣ በነዋሪዎች ስብሰባ እጃችንን የምናወጣ እኛው ነን። ስለ ብራንዱ ስግብግብነት የምንናገረውን ያህል ስለዚህም እንናገር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ መቼና በምን ያህል እንደሚጨመር ወሰን አበጅቶለታል፤ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በወረዳ እንዲመዘገብም ያዝዛል። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የነዋሪዎች ማኅበራት ከዛሬ ጀምሮ ሊሠሩ የሚችሉት ሥራ ይህ ነው፤ የማንንም ብራንድ ፈቃድ አይጠይቅም።

ከሠራተኛውም የሚጠበቅ አለ። የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ነው። የውጭ መርማሪ በመጣ ቀን ሠራተኛዋ የተነገራትን ብቻ ደግማ የምትመልሰው ከኋላዋ የሚቆም ማኅበር ሲታጣ ነው። ማኅበር ያለበት ፋብሪካ ግን በየቀኑ ይመረመራል፤ መርማሪውም በማግሥቱ በአውሮፕላን አይሄድም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ጀርመን ከ2023 ጀምሮ የጸና ሕግ አውጥተው ኩባንያዎቻቸው በባሕር ማዶ አቅራቢዎቻቸው ዘንድ ለሚደርሰው በደል እንዲጠነቀቁ አስገድደዋል። በእነዚህ ሕጎች አቤት ለማለት የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የክፍያ ደረሰኝ፣ የትርፍ ሰዓት መዝገብ፣ የትእዛዙ ቀን። ይህንን የሚሰበስበው የሠራተኛው ማኅበር ካልሆነ ሌላ ማን ይሆናል?

የብራንዶቹ ልዑካን አሁንም ይመጣሉ፤ እንኳን ደህና መጡ እንላቸዋለን፤ ሥራ እንፈልጋለን። የጥጡን ዘርና የፍሳሹን ማጣሪያ ማየታቸውም መልካም ነው። ከቦሌ ማረፊያ ወደ ቦሌ ለሚ ሲሄዱ ግን ጎሮ ላይ መኪናቸውን አቁመው ያን የተማሪ ደብተር ይዩ። ለአንድ ሸሚዝ የሚሰጡትን የስፌት ዋጋ ከኪራዩ፣ ከዱቄቱና ከዘይቱ መስመር ጋር አስተያይተው፣ ከግርጌ የተጻፈውን ብድር የሚያስቀረውን ዋጋ በሚቀጥለው ውል ላይ ይጻፉልን።